ከሁለት ክንድ በላይ

ለምወድሽ እናቴ፤

ከሁሉ በፊት ጉልበትሽን ልጠይቅ። ባለፈው ስንነጋገር ብርድ ሲሆን ይንቋቋል ብለሽኝ ነበር። በኋላ ደግሞ ተሻለኝ አልሽ። እውነት ቀለል ብሎልሽ ነው ወይስ እኔ እንዳልጨነቅ? ዓይንሽስ? ክሩ በመርፌው ቀዳዳ በስንተኛው ሙከራ ይገባልሻል? አክስቴን ያ ሳል ለቀቃት? የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ሰሞን ስለሆነ ጎንበስ እንዳልሽ እንደምትውዪ አውቃለሁ፤ አልፎ አልፎ ቀና በዪ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እጅ እግሬም ሙሉ ነው። ይህቺን «ደህና ነኝ» የምትለዋን ቃል እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ አጥብቀሽ ያዢልኝ፤ ታስፈልግሻለች።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትዪ ይሆናል። በስልክ አንቺን ማን ይችልሻል! ነገሩ ጠንከር ማለት ሲጀምር «በይ ባትሪሽ እንዳያልቅ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። ብቻ ለአክስቴ አታስነብቢያት። መነጽርሽን አድርገሽ፣ የስፌት ክፍልሽን በር ገርበብ አድርገሽ ለብቻሽ አንብቢው።

እማ፣ ዋሽቼሻለሁ።

የንፋስ ኃይል ጣቢያው መዝገብ ቤት ነው የምሠራው ብዬሻለሁ። ፋይል ሳገላብጥ አቧራው አስነጠሰኝ እያልኩ ስንት ቀን አስቄሻለሁ። መዝገብ ቤቱን ከተቀጠርኩ ወዲህ የረገጥኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የፈቃድ ቅጽ ለመሙላት። ሥራዬ ጥገና ነው። አራት ዓመት ሙሉ ማማ ላይ ስወጣ ነው የኖርኩት። የአንዱ ቁመት ሰማንያ ሜትር ነው፤ ሃያ አምስት ፎቅ በዪው። መሰላሉ በማማው ሆድ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ላይ ሚኒባስ የምታህል ክፍል አለች፣ እኛ «ጎጆ» እንላታለን። የማሽኑ ልብ ያለው እዚያ ነው።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ኳስ ላወርድ ጎረቤት ጣራ ላይ ወጥቼ ስታገኚኝ ፊትሽ እንዴት አመድ እንደመሰለ አልረሳውም። አልመታሽኝም። ወንበር ስበሽ አስቀመጥሽኝና ከመሬት ከሁለት ክንድ በላይ ላልወጣ፣ ብወጣ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ አሰኘሽኝ። ማልኩልሽ። ያንን መሐላ የበላሁት ንቄሽ አይደለም። የጥገናውን ትምህርት ስጀምር መሬት ላይ የሚሠራ ሥራ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ መጀመሪያ ቀን ለልምምድ ሲያወጡን፣ የጎጆዋን ክዳን ከፍቼ አንገቴን ሳወጣ፣ ከኮረብታው ወዲያ ያሉት መንደሮች ሁሉ አንድ ላይ ታዩኝ። ከእኔ እግር ሥር የሚነሳው ሽቦ ወደ እነሱ ሲወርድ አየሁት። እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ አባዬን ያገኘሁት መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ መውረድ አቃተኝ።

አሁን ደግሞ የባሰውን ልንገርሽ። አብሬያቸው የምወጣው ሰው ማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ? ያ ሰውዬ። ስማቸው በቤታችን እንዳይነሳ የከለከልሽው፣ ከአባዬ ጋር የመብራት መስመር ሲዘረጉ የነበሩት ሰውዬ። እዚህ ስማቸውን የሚጠራ የለም፤ ጋሼ መፍቻ ነው የሚባሉት። ሠርግ ቤትም ቢሆን መፍቻ ከኋላ ኪሳቸው አይጠፋም። ጣቢያው ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተቀጥረው ኖሯል። የአባቴን ስም ሲሰሙ የያዙት ወረቀት ከእጃቸው ወደቀ። እኔም አወቅኋቸው። ለቀስተኛ ፊት «ጓደኛህን በልተህ መጣህ» ስትያቸው፣ ቀና ሳይሉ ኮፍያቸውን ይዘው ሲወጡ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ከጉልበትሽ ሥር ተቀምጬ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ዓመት አብሬያቸው ምሳ አልበላሁም። ሲያናግሩኝ በአንድ ቃል እመልሳለሁ። እሳቸው ግን እንደ ልጃቸው አስተማሩኝ። አንድ ነገር ብቻ ያናድደኝ ነበር። ከመውጣታችን በፊት ቀበቶዬን በዓይናቸው አይተው አይበቃቸውም። እያንዳንዱን ማያያዣ በእጃቸው ይጎትታሉ፤ ደግመው ይጎትታሉ፤ ሦስተኛም። ሌሎቹ እየሳቁ «ሙሽራ ሊድሩ ነው እንዴ?» ይሏቸዋል። እሳቸው አይስቁም።

አሁን ስለ ስብሰባው ልግባ። አክስቴ በስልክ አጫውታኛለች። ከቤታችን በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ንፋስ ሲለኩ ከርመው ተርባይን ሊተክሉ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ዝም ሲል አንቺ ተነስተሽ «እኔ ለመብራት ባሌን ሰጥቻለሁ፤ ኮረብታዬን አልጨምርም» ማለትሽን፣ ከዚያ በኋላ ስብሰባው መበተኑን ነገረችኝ። ደግሞ «ንፋሱ ሲተኛስ መብራቱም አብሮ ሊተኛ ነው?» ብለሽ መሐንዲሱን አፉን አስይዘሽዋል አሉ። እዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው፣ ጥያቄዋስ የባለሙያ ነው አሉ። ማን እንደጠየቀው ግን አልነገርኳቸውም።

መሐንዲሱ ያልመለሰልሽን እኔ ልመልስልሽ፤ አላስጌጥም።

አሠራሩ ከስፌት መኪናሽ ብዙ አይርቅም። አንቺ ፔዳሉን ቀስ ብለሽ ትረግጫለሽ፣ ትልቁ ጎማ ይዞራል፣ ጠፍሩ ትንሿን ጎማ ያስሮጣታል፣ መርፌው ይበርራል። እዚህ ፔዳሉን የሚረግጠው ንፋስ ነው። ክንፎቹ ቀስ ብለው ይዞራሉ፤ ካምቢዮው ያንን ዝግታ ወደ ሩጫ ይለውጥና ለጄኔሬተሩ ያቀብላል። ከዚያ የሚወጣው በሽቦ ወርዶ ከሌላው ኃይል ጋር ይቀላቀላል።

ንፋሱ ይተኛል ወይ? አዎ፣ ይተኛል። አንዳንድ ቀን አሥራ ስድስቱም ማማዎች እንደ ተኮራረፉ ጎረቤቶች ቆመው ይውላሉ። ንፋስ ብቻውን ይበቃል የሚልሽ ካለ አትመኚው። ግን ደግሞ አስቢው፣ ዝናብ ጠፍቶ የግድቡ ውኃ ሲጎድል፣ መብራት በፈረቃ የሚሆንበት ያ ደረቅ ወቅት፣ ለእኛ ዋናው የንፋስ ወራት ነው። ያኔ ንፋሱ ይሠራል፣ ውኃው ይጠራቀማል። ንፋሱ ሲደክም ደግሞ ውኃው ይለቀቃል። አንዱ ሲያርፍ አንዱ ይሸከማል። ቀን ቀን ፀሐይም አለች። ትልልቅ ባትሪም መትከል ተጀምሯል፤ የተረፈውን አስቀምጦ ለምሽት የሚያወጣ። ባሕር ላይ የሚተክሉ አገሮች አሉ። አሁን የሚሠሩት ማማዎች የእኛዎቹን ቁልቁል ነው የሚያዩአቸው፤ እኛ የማይረባ በምንለው ንፋስም እየዞሩ ያመነጫሉ። የዛሬ ሃያ ዓመት ልጆች የእኛን ሲያዩ «በዚህ ነበር የሚሠሩት?» ብለው የሚስቁ ይመስለኛል።

ክፉ ጎኑንም ልንገርሽ። ድምፅ አለው፤ ቤት ሥር ከተተከለ ያውካል፤ ስለዚህ ርቀቱን በወረቀት አስፈርሟቸው። ወፍ ይመታል፤ መንገዳቸው ላይ እንዳይተከል ጠይቁ። ያረጀ ክንፍ የትም አይጣልም፣ አይቃጠልም፤ ምን እንደሚደረግ ገና በቅጡ አልተፈታም፤ እሱንም ጠይቁ። መሬቱ ግን አይታረስም የተባለው ወሬ ነው። እዚህ ማማው ሥር ሰው ያርሳል፣ ከብትም ይግጣል። ከሁሉ በላይ፣ ኮረብታችሁ ላይ የሚመነጨው መብራት ጣራችሁን ዘልሎ ወደ ከተማ ብቻ እንዳይሄድ አጥብቃችሁ ያዙ። እዚህ ያሉት መንደሮች መጀመሪያ ይህን ባለመጠየቃቸው ሁለት ዓመት ከማማ ሥር በኩራዝ ተቀምጠዋል። ዛሬ ጤና ጣቢያቸው የክትባት ማቀዝቀዣውን አይዘጋም፤ የውኃ ፓምፑ ይሠራል፤ ብየዳ ቤት የከፈተችው ሴት ሦስት ሰው ቀጥራለች።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር። እጄ ሲዘገይ ይታወቀኛል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ጠዋት፣ እኔና ጋሼ መፍቻ አሥራ አንድ ቁጥር ማማ ላይ ወጣን። ጡረታቸው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። ማሽኑን አቁመን፣ ካምቢዮው ዘይት ያፈስሳል ስለተባለ ጎጆዋ ውስጥ ገብተን ሥራ ጀመርን። ንፋሱ ከተተነበየው ቀድሞ በረታና ማማው መወዛወዝ ጀመረ። ይህ የተለመደ ነው፤ እንደ ጀልባ ቀስ ብሎ ይሄዳል ይመለሳል። መፍቻ አቀብሉኝ አልኳቸው። መፍቻው አልደረሰኝም። ዞር ስል ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ ብለዋል፤ ፊታቸው ላብ በላብ፣ ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ። ልቤ ነው አሉኝ፤ እንደ ተራ ነገር።

በሬዲዮ ሾፌራችንን ጠራሁት። መሬት ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው፤ በግዝፈቱ ዝሆኔ እንለዋለን። አምቡላንስ ተጠርቷል፣ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል አለኝ። በመሰላል እንዳይወርዱ እግራቸው አይታዘዝም። የቀረው ከኋላ ያለውን ወለል ከፍቶ በማዳኛ ገመድ በውጭ በኩል ማውረድ ነው። በልምምድ ስንት ጊዜ በአሸዋ ከረጢት ሠርቼዋለሁ። ከረጢት ግን ዓይን ዓይንሽን አያይም።

ገመዱን ሳዘጋጅ እጄን ያዙኝ። እዚህ ከቀረሁ አንድ ነገር ሳልነግርሽ እንዳልቀር አሉ። ይተዉት፣ አይናገሩ፣ ትንፋሽዎን ይቆጥቡ አልኳቸው። እምቢ አሉ።

ያን ቀን አባትሽ ቀበቶ አልነበረውም አሉኝ። ማዕበል መስመሩን በሁለት ቦታ በጥሶት፣ ጤና ጣቢያው ጨልሞ፣ ምጥ የጠናባት ሴት አለች ተብለው ነው የተጠሩት። ሁለት ምሰሶ፣ ሁለት ሰው። እሳቸው ቀበቶዬን እንካ አልኩት አሉ፤ አባዬ ግን አንተ የያዝከውን ጨርስ፣ እኔ በገመድ እታሰራለሁ ብሎ ሳቀባቸው። ዝናብ ነበር፤ ገመዱም ረጥቦ ነበር። በጉልበት ላስቆመው ይገባኝ ነበር አሉ። አላስቆምኩትም። እናትሽ በልተኸው መጣህ ስትለኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው፤ አልዋሸችም።

መብራቱስ አልኳቸው፤ ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። በርቷል አሉ። እኔ የያዝኩትን ጨርሼ ነበር፣ እሱም መጨረሻውን ካሰረ በኋላ ነው የወደቀው። ሴትዮዋም በሰላም ተገላገለች።

ከዚያ አወረድኳቸው። ወለሉን ስከፍተው ንፋሱ ከታች ፊቴን መታኝ። ማያያዣቸውን ጎተትኩ፤ ደግሜ ጎተትኩ፤ ሦስተኛም። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፣ ሲሰማቸው ፈገግ አሉ። ቀስ አድርጌ ለቀቅኳቸው። እማ፣ ሰው በገመድ ጫፍ ሲንጠለጠል ትንሽ ነው። ንፋሱ አዞራቸው፣ አንዴ ወደ ማማው ገፋቸው፣ በእግራቸው ተከላከሉ። ገመዱን በልክ በልኩ ሰጠሁ። ዝሆኔ እግራቸውን ታቅፎ ይዣቸዋለሁ ብሎ በሬዲዮ ጮኸ። ያኔ ጎጆዋ ወለል ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ተርፈዋል። ሩብ ሰዓት ቢዘገዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር ብሏል ሐኪሙ።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የከነከነኝን ጠየቅኳቸው፤ የአባዬ ቀበቶ የት ነበር አልኳቸው። ቤት ረስቶት ነው አሉ። አባዬ መሣሪያውን የሚረሳ ሰው አልነበረም አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰው ይረሳል ልጄ፣ ከዚህ በላይ እኔንም ማንንም አትጠይቂ አሉኝ።

ወደ ቤት ስመለስ በእግሬ ነው የመጣሁት። መንገድ ላይ አንድ መናፈሻ አለ። አንዲት ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጣ ትወዛወዛለች። ቆሜ አየኋት።

ለአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ሕልም አለኝ ስልሽ ትዝ ይልሻል? ከጓሮ ባለው ዛፍ ዥዋዥዌ ነበረኝ እያልኩ። መቀመጫው ሰፊ ቆዳ፣ በሁለት በኩል ብረት ያለው፣ ስቀመጥበት የሚሞቅ። አንቺ ሁልጊዜ ዥዋዥዌ አልነበረሽም፣ ሌላ ቤት አይተሽ ነው ትዪኛለሽ። አመንኩሽ። ያቺ ልጅ ስትወዛወዝ ግን ያ ቀን ከነዝርዝሩ መጣብኝ። ከትምህርት ቤት ስመጣ ዛፉ ላይ ምንም አልነበረም። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል። አንቺ ጓሮ ብቻሽን ቆመሽ ቢላ ይዘሻል፤ እሳት ይነዳል፤ የተቃጠለ ቆዳ ይሸታል። በማግስቱ ዛፉን አስቆረጥሽው። ለማገዶ ነው አልሽ።

እማ፣ ዥዋዥዌው ነበር፤ መቀመጫው የአባዬ ቀበቶ ነበር።

ምንም አትመልሺልኝ። የለም ልትዪኝም አትድከሚ። ሆድ ከአገር ይሰፋል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር። አንድን ሰው አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በአደባባይ ስትወቅሺ የኖርሽው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። እሳቸውም አንድ ቀን እንኳ መልስ ያልሰጡሽ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ሁለታችሁም አንድ በር ላይ ቆማችሁ እኔን ስትጠብቁ ነበር፤ አንቺ ከውስጥ፣ እሳቸው ከውጭ። እኔ ደግሞ ውስጥ ተኝቼ አደግሁ።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ ሁለት ሳምንት አልወጣሁም። አለቃዬ ዕረፍት ውሰጂ ብሎኝ ነበር። ዕረፍቱ አላሳረፈኝም። ባለፈው ሰኞ ወጣሁ። መሰላሉ ግማሽ ላይ ቆምኩና አባዬን በስሙ ጠራሁት፤ ይቅር በለኝ አልኩት። ድምፄ በማማው ሆድ ውስጥ እየተጋጨ ወደ ላይ ሄደ። ከዚያ ሥራዬን ሠራሁ። ፈራሁ፣ ግን ሠራሁ።

አሁን የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስለ መሐላው ነው። ያስማልሽኝ አንቺ ነሽና የምትፈቺኝም አንቺ ነሽ። ውረጂ ካልሽኝ እወርዳለሁ፤ ከታች ሆኖ ጣቢያውን በሬዲዮ የመቆጣጠር ሥራም አለ፣ አያሳፍርም። ግን እየወጣሁ እንድቀጥል ብትመርቂኝ፣ በየቀኑ ማያያዣዬን ሦስት ጊዜ እንደምጎትት በራሴ ስም እምልልሻለሁ፤ በአባዬ አጥንት አይደለም፣ እሱ ይረፍ።

ሁለተኛው ሐሙስ ነው። ስለ ኮረብታው እንደገና ስብሰባ አለ፤ ለሕዝቡ እንዳስረዳ የላኩት እኔን ነው። ልጅሽ መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም። ተነስተሽ እምቢ ብትዪ አላፍርብሽም፤ ጥያቄሽን ሁሉ ጠይቂኝ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። እሺም እምቢም የአንቺና የጎረቤቶችሽ ነው።

ብቻዬን ግን አልመጣም። ጋሼ መፍቻ ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ሥራውንም ትተዋል። ከእኔ ጋር ይመጣሉ። ይቅርታ ልጠይቅ አላሉም፣ ይቅርታ ትጠይቀኝም አላሉም። አንድ ጊዜ በአግባቡ እግዚአብሔር ያጽናሽ ልበላት፣ ያኔ አላስባለችኝም ብቻ ነው ያሉት። ሐኪሙ ዳገት ከልክሏቸዋልና በመንገዱ ቀስ እያልን ነው የምንመጣው።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያጽናው፣ ዓይንሽን ያብራልኝ። አክስቴን ሳሚልኝ። ሐሙስ ከቀትር በኋላ ደጃፍሽ ላይ እንሆናለን። በሩ ክፍት ከሆነ እንገባለን። ዝግ ከሆነም አናንኳኳም፤ እዚያው ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጠብቅሻለን።

ያሳደግሽኝ፣ የደበቅሽኝ
ልጅሽ